የመማር እክል ላለባት ልጅ ኮሌጅ ስንመርጥ የትምህርት አማካሪ መቅጠር ይገባናል?

የ11ኛ ክፍል እናት

ጤና ይስጥልን። እዚህ አሜሪካ ልጆቻችሁን ኮሌጅ ያስገባችሁ ወላጆችና በትምህርት ሙያ ላይ ያላችሁ ወገኖች ምክራችሁን እንድትለግሱኝ እጠይቃለሁ። ልጄ 11ኛ ክፍል ናት። ዲስሌክሲያ፣ ማለትም የማንበብ እክል፣ እንዳለባት ገና በአንደኛ ደረጃ ሳለች በምርመራ የታወቀ ሲሆን፣ ቆይቶም ኤዲኤችዲ፣ ማለትም ትኩረትን የመሰብሰብ ችግር፣ እንዳለባት ተነግሮናል። አስተዋይ ልጅ ናት፤ በቃል ስትጠየቅ የምትሰጠው መልስ መምህራኖቿን ያስደንቃል። ረጅም ጽሑፍ አንብቦ መጨረስና ሐሳቧን በጽሑፍ ማደራጀት ግን ከእኩዮቿ እጅግ የበለጠ ጊዜ ይወስድባታል። እስካሁን ደግፎ ያቆማት በትምህርት ቤቷ የተዘጋጀላት የግል የትምህርት ዕቅድ፣ ማለትም አይኢፒ ነው፤ በፈተና ላይ ተጨማሪ ጊዜ ይሰጣታል፣ መጻሕፍትን በድምፅ ታዳምጣለች፣ በየሳምንቱም ከልዩ ፍላጎት መምህርቷ ጋር የቤት ሥራዋን የምታቅድበት ክፍለ ጊዜ አላት።

የትምህርት ቤቱ ካውንስለር ቅን ሰው ቢሆንም በርካታ መቶ ተማሪዎችን ስለሚከታተል ለእኛ የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነው። አንዲት ወዳጄ በግል የሚሠራ የትምህርት አማካሪ እንድንቀጥር መከረችን፤ ነገር ግን ከኮሌጅ ምርጫ እስከ ማመልከቻ ድረስ ለሚሰጠው ሙሉ አገልግሎት የሚጠይቀው ክፍያ ብዙ ሺህ ዶላር ነው። ባለቤቴ ይህ ገንዘብ ለትምህርት ክፍያዋ ቢቀመጥ ይሻላል ይላል። እኔ ደግሞ ልጄ ለእርሷ በማይሆን ቦታ ገብታ በመጀመሪያው ዓመት ተስፋ ቆርጣ እንዳትመለስ እሰጋለሁ። እንዲህ ያለ አማካሪ እኛ ቤታችን ተቀምጠን ልንሠራው የማንችለውን ምን ይሠራል?

የልዩ ፍላጎት መምህርት

እህቴ፣ ስለ አማካሪው ከመናገሬ በፊት፣ ልጅዎ ኮሌጅ ስትገባ ስለሚለወጠው ሕግ ላስረዳዎት፤ ጥያቄዎ የሚመለሰው ከዚያ ተነሥቶ ነውና።

ልጅዎ አሁን የምትማረው እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣውና ከ1990 ጀምሮ አይዲኢኤ በሚባለው ሕግ ጥላ ሥር ነው። ይህ ሕግ እክል ያለበትን ልጅ ፈልጎ የማግኘትን፣ የመመርመርንና ለእርሱ የሚስማማ ትምህርት የመስጠትን ኃላፊነት በትምህርት ቤቱ ላይ ይጥላል። መደበኛውን የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ በተቀበለች ዕለት ግን ይህ መብት ያበቃል፤ አይኢፒውም አብሮ ያበቃል። በኮሌጅ የሚሠራው የ1973ቱ የተሐድሶ ሕግ ክፍል 504 እና የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግ፣ ኤዲኤ፣ ነው። እነዚህ ሕጎች አድልዎን ይከለክላሉ፣ እኩል የመሳተፍ ዕድልንም ያስከብራሉ፤ ሆኖም ተማሪው እንዲሳካለት የማድረግ ግዴታ በኮሌጁ ላይ አይጥሉም። ኮሌጁ ተማሪውን ፈልጎ አያገኝም፤ ተማሪዋ ራሷ በአንዳንዱ ኮሌጅ የአካል ጉዳተኞች አገልግሎት፣ በሌላው የተደራሽነት ቢሮ ወደሚባለው ክፍል ሄዳ መመዝገብ፣ ሰነድ ማቅረብና የሚያስፈልጋትን መጠየቅ አለባት።

እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። የፈተና ተጨማሪ ጊዜና በድምፅ የሚነበብ መጽሐፍ፣ ሰነዷ የሚደግፈው ከሆነ፣ በየትኛውም ኮሌጅ ልታገኘው የምትችለው ነው። በየሳምንቱ ከባለሙያ ጋር ተቀምጣ ሥራዋን የምታቅድበት ክፍለ ጊዜ ግን ሕጉ ኮሌጆችን የሚያስገድደው ነገር አይደለም፤ የግል አስጠኚ ማቅረብም ሆነ የትምህርቱን መሠረታዊ መስፈርት መቀየር ግዴታቸው አይደለም። ስለዚህ ኮሌጅ ስትመርጡ ልትመዝኑት የሚገባው ዋነኛ ነገር ሕጉ የማያስገድደው ድጋፍ ነው፤ በዚህ ረገድ በኮሌጆች መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው።

አማካሪም ቀጠራችሁ አልቀጠራችሁ አንድ ነገር አሁኑኑ አድርጉ። የመጨረሻው ምርመራዋ መቼ እንደተደረገ ተመልከቱ። ብዙ ኮሌጆች ከጥቂት ዓመታት ያልበለጠና በዐዋቂዎች መለኪያ የተሠራ ምርመራ ማየት ይፈልጋሉ፤ አይኢፒውን ብቻ የማይቀበሉም አሉ። አሁን ባለችበት ትምህርት ቤት ድጋሚ ምርመራ በጽሑፍ ብትጠይቁ፣ በሕጉ መሠረት ከተፈቀደ ያለ ክፍያ ይደረግላታል። ከተመረቀች በኋላ በግል ሳይኮሎጂስት ማስመርመር ግን ራሱን የቻለ ትልቅ ወጪ ነው። ትምህርት ቤቱ ዲፕሎማ ሲሰጣት የትምህርት ደረጃዋንና የሚያስፈልጋትን ድጋፍ ጠቅለል አድርጎ የሚገልጽ ሰነድ እንዲሰጣት የ2004ቱ የሕግ ማሻሻያ ያዛል፤ ይህንንም አስታውሳችሁ ተቀበሉ።

የወንድ ልጅ አባት

እኛ ቀጥረን ነበር፤ የሠራልንን ልናገር።

በመጀመሪያ የልጃችንን የምርመራ ሪፖርት ከፊደል እስከ ፊደል አነበበው። እኛ ሪፖርቱን ለዓመታት በፋይል አስቀምጠነው የምናውቀው ማጠቃለያውን ብቻ ነበር፤ እርሱ ግን የቃል ማስተዋሉ ከፍ ያለ፣ የአእምሮ ሥራ ፍጥነቱ ደግሞ ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይቶ፣ ይህ በኮሌጅ ውስጥ በምን መልክ እንደሚገለጥ አስረዳን። ቀጥሎ እኔንና እናቱን ከክፍሉ አስወጥቶ ከልጁ ጋር ብቻውን ተነጋገረ። ልጃችን የሚፈልገው ትንሽ ክፍል ያለበት ኮሌጅ እንደሆነና ሁሉም ሰው እክሉን የሚያውቅበት ቦታ እንደማይስማማው የሰማነው ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ለእኛ ፈጽሞ አዲስ የሆነውን ነገር ነገረን። ድጋፍ የሚሰጡ ኮሌጆች አንድ ዓይነት አይደሉም። አብዛኞቹ ሕጉ የሚጠይቀውን ያሟላሉ፤ አንዳንዶቹ ከዚያ አልፈው ሠራተኛ የተመደበለት የተደራጀ ድጋፍ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሰጣሉ። ሌሎቹ ደግሞ በየሳምንቱ ከመማር ስልት ባለሙያ ጋር የሚያገናኝ የተሟላ ፕሮግራም በተጨማሪ ክፍያ ያቀርባሉ፤ በተክሰን በሚገኘው የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ሶልት የሚባለው ማዕከል፣ በዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ያለው የመማር ውጤታማነት ፕሮግራም፣ በማሳቹሴትስ ከሪ ኮሌጅ ከ1970 ጀምሮ የሚሠራው ፓል የተባለው ፕሮግራም ከእነዚህ መካከል ናቸው። ከዚህም አልፎ በ1985 በቨርሞንት የተከፈተው ላንድማርክ ኮሌጅና በ1989 በፍሎሪዳ የተመሠረተው ቢከን ኮሌጅ ሙሉ በሙሉ የተቋቋሙት እንዲህ ላሉ ተማሪዎች ነው። ኮሌጅ በሕግ ለሚገባ ማመቻቸት፣ ለምሳሌ ለፈተና ተጨማሪ ጊዜ፣ ተማሪን ማስከፈል አይችልም፤ የሚከፈለው ከዚያ በላይ ለሆነው ነው። ይህ ተጨማሪ ክፍያ በገንዘብ እርዳታ ይሸፈን እንደሆነ ማመልከቻ ከመላኩ በፊት መጠየቅ አለበት፤ ከቤተሰባችን የወጪ ስሌት ውስጥ ይህን ያስገባው አማካሪው ነበር።

ልጃችን ካወጣቸው ስሞች ግማሽ ያህሉ ተሰረዙ፤ ሰምተናቸው የማናውቃቸው ሌሎች ገቡ። አሁን በሚማርበት ኮሌጅ ደስተኛ ነው። ያለ አማካሪው እዚያ እንደርስ እንደነበር መናገር አልችልም፤ የከፈልነው ገንዘብ ግን ለእኛ ቤተሰብ የተገባ ነበር።

በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የመጣን

የወንድሜን ምስክርነት አከብራለሁ፤ ሆኖም ብዙ ሺህ ዶላር መክፈል የማይችል ቤተሰብ ይህን ሲያነብ ልጁን የበደለ እንዳይመስለው እሠጋለሁ። እኛ አማካሪ አልቀጠርንም። ልጃችን ዲስካልኩሊያ፣ ማለትም የሒሳብ መማር እክል፣ አለባት፤ ቤቷ ሆና የሁለት ዓመት ትምህርት ወደሚሰጠው የአካባቢያችን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገባች። ክፍል 504 እና ኤዲኤ እዚያም ይሠራሉ፤ የድጋፍ ቢሮው ተቀበላት፣ የክፍሎቹ ተማሪዎች ቁጥር አነስተኛ ነበር፣ በየሴሚስተሩ የምትወስደውን ኮርስ ቀንሳ ጀመረች። ከዚያም ክሬዲቷን ይዛ ወደ ግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረች።

ኮርስ ስለመቀነስ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በፌዴራል የተማሪ እርዳታ ሕግ ሙሉ ጊዜ የሚባለው በሴሚስተር 12 ክሬዲትና ከዚያ በላይ ነው፤ ከዚያ ሲያንስ ፔል ግራንት የሚባለው፣ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ተማሪዎች የሚሰጠው የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ መጠን ይቀንሳል። ኮሌጁ ለድጋፍ ሲል የኮርስ ብዛት እንድትቀንስ ቢፈቅድላት እንኳን የእርዳታው ሒሳብ ሌላ ነው። ከእርዳታ ቢሮው ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

በየግዛቱ ያለውን፣ እክል ያለባቸው ሰዎች ለሥራ እንዲበቁ የሚረዳውን የሙያ ተሐድሶ መሥሪያ ቤትም ሳትጠይቁ አትለፉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የሥራ ኃይል ሕግ እክል ላለባቸው ተማሪዎች ገና ትምህርት ቤት ሳሉ ስለ ቀጣይ ትምህርትና ሥራ የምክር አገልግሎት እንዲሰጥ ያዛል፤ ቤተሰብ ለዚህ አይከፍልም። ብዙ የእኛ ሰዎች ስሙን እንኳን አልሰሙትም።

የ11ኛ ክፍል እናት

የምርመራውን ነገር ያነሡልኝ መምህርት እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዛሬውኑ ፋይሏን አውጥቼ አየሁት፣ ጊዜው ያለፈበት ሊሆን ተቃርቧል። አሁን ሁለት ነገር ግልጽ አልሆነልኝም። አንደኛ፣ በማመልከቻዋ ላይ እክሏን መግለጽ አለባት ወይስ መደበቅ? ሁለተኛ፣ አማካሪ ብንፈልግ ብቃት ያለውን ከሌለው በምን እንለያለን?

ሦስተኛ ዓመት ተማሪ

እናቴ፣ እኔ ራሴ ዲስሌክሲያ ያለብኝ ተማሪ ስለሆንኩ የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ልሞክር። ኮሌጆች ከመግቢያ በፊት አመልካችን እክል እንዳለበት እንዲጠይቁ በመሠረቱ አይፈቀድላቸውም፤ ስለዚህ መናገር ግዴታ አይደለም፣ ዝም ማለትም ውሸት አይደለም። ውሳኔው የልጅዎ ነው። እኔ የገለጽኩት አንድ ዓመት ውጤቴ አሽቆልቁሎ ስለነበርና ምክንያቱ ካልተነገረ ቁጥሩ ብቻውን ስንፍና ስለሚያስመስለው ነው። ውጤቷ ራሱን የሚያስረዳ ከሆነ መግለጽ ላያስፈልጋት ይችላል። የተለየ ማመልከቻ ወዳለው የድጋፍ ፕሮግራም ከገባች ግን ለዚያ ፕሮግራም ሰነዷን ማቅረቧ አይቀርም።

ከመግቢያ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ቢሮው ሄዳ ትመዝገብ። ማመቻቸት ከተፈቀደበት ቀን ወደፊት እንጂ ወደ ኋላ አይሠራም፤ የወደቀችበትን ፈተና ኋላ ተመዝግባ ማስተካከል አትችልም። አብረውኝ ከገቡት መካከል «ያለ እርዳታ ልሞክረው» ብለው ዘግይተው የተመዘገቡ አሉ፤ የደረሰባቸውን አይቻለሁና ይህን ከልቤ ነው የምለው።

ሌላም አለ። ኮሌጅ ከገባች በኋላ፣ በ1974ቱ ፈርፓ በሚባለው ሕግ መሠረት፣ በመዝገቧ ላይ ያለው መብት ከወላጅ ወደ እርሷ ይተላለፋል። በመርሕ ደረጃ ያለ እርሷ ፈቃድ የኮሌጁ ሠራተኞች ስለ ትምህርቷ ሊነግርዎት አይችሉም። እስካሁን በአይኢፒ ስብሰባ ላይ የሚናገሩላት እርስዎ ከነበሩ፣ በቀረው ጊዜ እርሷ ትናገር። ምን እንደሚከብዳትና ምን እንደሚረዳት በራሷ ቃል ማስረዳት ከቻለች ኮሌጅ ስትገባ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል።

የልዩ ፍላጎት መምህርት

ተማሪው በሚገባ ተናግሯል። አማካሪን ስለመለየት እኔ ልመልስ።

በአሜሪካ «የትምህርት አማካሪ» ነኝ ለማለት ፈቃድ የሚጠይቅ ሕግ ስለሌለ ማንም ሰው ይህን ስም ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያ በሙያ ማኅበር አባልነቱን ጠይቁ፤ ከ1976 ጀምሮ ያለውና አይኢሲኤ የሚባለው የገለልተኛ የትምህርት አማካሪዎች ማኅበር አባላቱ ከኮሌጆች ለተማሪ ማስገባት ኮሚሽን እንዳይቀበሉ ይከለክላል። አማካሪው የሚከፈለው በቤተሰቡ ብቻ መሆኑን በውሉ ላይ በጽሑፍ ያረጋግጥላችሁ። የመግቢያ ዋስትና የሚሰጥ ካለ ከእርሱ ራቁ፤ ማንም ይህን ሊያረጋግጥ አይችልም። ድርሰቷን እኔ እጽፍላታለሁ ከሚልም እንዲሁ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምመዝነው አንድ ነገር ግን አለ። ብዙ አማካሪዎች ታዋቂ ዩኒቨርሲቲዎችን ያውቃሉ፤ የመማር እክል ያለባቸውን ተማሪዎች የሚያውቁ ግን ጥቂቶች ናቸው። «የልጄን የምርመራ ሪፖርት አንብበው ምን አዩ?» ብላችሁ ጠይቁት። በአካል ጎብኝቶ የድጋፍ ቢሮ ኃላፊውን ያነጋገረባቸውን ኮሌጆች ጠይቁት። በድረ ገጽ ላይ የተጻፈውን ብቻ የሚደግም ከሆነ ያንን እናንተም ማንበብ ትችላላችሁ። የኮሌጁን ስም ከልጅቷ በፊት የሚያነሣ አማካሪ እኔን አያሳምነኝም።

ገንዘቡ የሚከብዳችሁ ከሆነ ሙሉውን አገልግሎት መግዛት የለባችሁም። በሰዓት የሚሠሩ አማካሪዎች አሉ። ሪፖርቱን አንብበው፣ ለእርሷ የሚስማማውን የድጋፍ ዓይነት ነግረው፣ ዝርዝሩን አብረዋችሁ አጣርተው የቀረውን እናንተ ልትሠሩት ትችላላችሁ። በእኔ እምነት የአማካሪው እውነተኛ ዋጋ ያለው በዚህ ክፍል ነው፤ ማመልከቻ መሙላትን ካውንስለሩም ሊያግዛት ይችላል። ከምርመራውና ከአማካሪው አንዱን ብቻ መክፈል የምትችሉ ከሆነ ግን ሳላመነታ ምርመራውን አስቀድሙ እላለሁ፤ ያለ ሰነድ የትኛውም ኮሌጅ ማመቻቸት ላይሰጣት ይችላልና።

ዝም ያልን ወላጆች

ከጥያቄው ጋር የተያያዘ ግን ብዙ የማይነገር ነገር ልጨምር። በእኛ ማኅበረሰብ የልጅን የመማር እክል ለዘመድም ሆነ ለጎረቤት መናገር እንደ ነውር ይታያል። ልጁ ጎበዝ ከሆነ «እንዴት ይህን ማንበብ ያቅተዋል፣ ሰነፍ ነው» ይባላል። ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ ወንድሞቹ እንዳይሰሙ ይጠነቀቅ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ከኮሌጆቹ ዝርዝር ውስጥ የድጋፍ ፕሮግራም በስሙ የተጻፈበትን ሁሉ አስወጣ። አማካሪዋ ይህን ስታይ በቀጥታ አልተቃወመችውም፤ ልጃችንን «ስምህ የትም ሳይጻፍ የምትፈልገው ምን ዓይነት እርዳታ ነው?» ብላ ጠየቀችው፣ ልጁም በአባቱ ፊት መለሰ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ያስወጣቸውን ኮሌጆች ራሱ መለሳቸው። ከቤተሰብ ውጭ የሆነ ሰው ብቻ ሊጠይቀው የሚችለው ጥያቄ አለ፤ እኔ የአማካሪን ጥቅም ያየሁት በዚህ ነው።

አማርኛ የሚነገርበት ቤት ማደጉ ዲስሌክሲያን አያመጣም፤ ይህን የሚናገሩ ሰዎች ስላሉ ነው የማነሣው። ለአይኢፒ ስብሰባም ወላጅ አስተርጓሚ እንዲቀርብለት የመጠየቅ መብት አለው።

በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የመጣን

እህቴ ያሉት እውነት ነው፤ እኛም ቤት እንዲሁ ነበር።

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ኮሌጅ ስትጎበኙ ከሚያስጎበኛችሁ ተማሪ ጋር ብቻ አትመለሱ፤ ከድጋፍ ቢሮው አስቀድማችሁ ቀጠሮ ያዙ። ለስንት ተማሪ አንድ ባለሙያ እንደሚመደብ፣ የመማር እክል ላይ የሠለጠነ ሰው እንዳለ፣ ማመቻቸት ለማስፈቀድ ስንት ጊዜ እንደሚወስድ፣ በድምፅ የሚነበብ መጽሐፍ ሴሚስተሩ ሳይጀመር ይደርስ እንደሆነ ልጅዎ ራሷ ትጠይቅ። የውጭ ቋንቋ ኮርስ ለመመረቅ ግዴታ እንደሆነም ትጠይቅ፤ ዲስሌክሲያ ላለበት ተማሪ ይህ ብዙ ጊዜ ከባድ ነው፣ አንዳንድ ኮሌጆች በሌላ ኮርስ እንዲተካ ይፈቅዳሉ። የቤት ውስጥ ቋንቋቸውን በፈተና አስመስክረው ግዴታውን እንዲያሟሉ የሚፈቅዱም አሉና አማርኛዋ ሊጠቅማት ይችል እንደሆነ መጠየቁ አይከፋም። የመልሱ ይዘት ብቻ ሳይሆን ሰዎቹ ለጥያቄዋ የሚሰጡትን ጊዜም ተመልከቱ።

የ11ኛ ክፍል እናት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከባለቤቴ ጋር ያነበብነው አብረን ነው፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት መልሶች ሁለት ጊዜ አነበበ። የተስማማነው እንዲህ ነው። የድጋሚ ምርመራ ጥያቄውን በዚህ ሳምንት ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ እናቀርባለን። ሙሉውን አገልግሎት አንገዛም፤ ሪፖርቱ ከታደሰ በኋላ በሰዓት ከሚሠራና የመማር እክልን ከሚያውቅ አማካሪ ጋር ዝርዝሩን እናጣራለን። ለሙያ ተሐድሶ መሥሪያ ቤቱም እንደውላለን። በሚቀጥለው የአይኢፒ ስብሰባ ላይ የምትናገረው ልጄ ትሆናለች፤ ነግሬያታለሁ፣ ፈርታለች፣ ግን እሺ ብላለች።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ትምህርት ቤቱ የድጋሚ ምርመራውን ቢከለክል ምን አደርጋለሁ?

የልዩ ፍላጎት መምህርት

በሕጉ መሠረት፣ ወላጅና ትምህርት ቤት አያስፈልግም ብለው ካልተስማሙ በስተቀር፣ ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ አንድ ጊዜ ዳግም መመርመር አለባት፤ ስለዚህ የመጨረሻውን ቀን በጥያቄዎ ላይ ይጥቀሱ። ከከለከሉ ምክንያታቸውን በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለባቸው፤ ያንን ወረቀት ሳይቀበሉ አይውጡ። ከዚያ በኋላ በሽምግልና ወይም በይፋ አቤቱታ መቀጠል ይችላሉ። ለምረቃ ብቻ ተብሎ አዲስ ምርመራ የማድረግ ግዴታ ግን የለባቸውምና ጥያቄውን «ለኮሌጅ ስለምትፈልገው» ብለው ሳይሆን «አሁን ያላትን ፍላጎት ለማወቅ» ብለው ይጻፉት። ደብዳቤውን ስትጽፉ ብታሳዩኝ በደስታ አነበዋለሁ።